የደምሴ ከሰል

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የጎረቤት እናቶች ለልጆቻቸው የሚልኩት ደብዳቤ ነው፣ እሱም እነሱ ያሉትን ነው እንጂ የኔ ቃል የለበትም። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ዓይነት ነኝ። ይሄን ለመጻፍ የደፈርኩት እናቴ ማንበብ ስለማትችል ነው፣ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ስትጨርሱት ይገባችኋል።

ስለ ሙት ድምፅና ስለ መንፈስ የሚወራውን አላምንም ነበር፣ እመኑኝ፣ አንድም ቀን አምኜ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሳለን ልጆቹ ላንጋኖ ውስጥ ሰው በስሙ የሚጠራ ነገር አለ እያሉ ሲያወሩ እኔ ዝም ብዬ እሰማና በሆዴ እስቅ ነበር። ወንድሜ ደምሴም «አየር ነው፣ ሙቀት ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሌላ ነገር የለም» ይል ነበር፣ እሱ ያለው ደግሞ ለኔ ልክ ነው።

ቤታችን ናዝሬት ውስጥ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም፣ አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴ፣ ደምሴና እኔ ብቻ ነበርን። ደምሴ ራዲዮ ይጠግናል፣ ግን ዝናው በሌላ ነገር ነው፣ ፊደል በመቁረጥ። ራዲዮና ፍሪጅ ታሽጎበት የሚመጣ ነጭ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ፣ ፎም የምንለው፣ ሰው የሚጥለውን እሱ ይለቅምና ከሱ ትልልቅ ፊደል ይቆርጣል፣ ለሠርግ አዳራሽ «እንኳን ደስ ያላችሁ»፣ ለፎቶ ቤት ስም፣ በኋላ ደግሞ ለቀበሌ መፈክር። በመቀስም በቢላም አይደለም። ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ ወጥሮት፣ ኮረንቲውን በትራንስፎርመር አሳንሶ ይለቅበታል፣ ሽቦው ሲግል ፎሙ እንደ ቅቤ ይከፈላል። «ሽቦው ቀልቶ ከታየሽ አልፏል፣ ሊቀላ ሲል ነው መቁረጥ» ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ሥራውን ያስተማረው እኔን ነው፣ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ የሚንቀጠቀጠው ምላሴ ነው።

ቆጣሪያችን ከጎረቤታችን ከአዴ ጫልቱ ጋር የጋራ ስለሆነ ማሽኑ ሲነሳ የሳቸው አምፖል ይደክማል፣ ወዲያው በግድግዳው ማዶ ጩኸታቸው ይመጣል።

«ያ ደምሴ! መብራቴን ልትጠጣው ነው?»

«አዴ ጫልቱ፣ ትንሽ ጨለማ እኮ ለዓይን ጥሩ ነው!»

«ላንተ ዓይን ያርገው! ጠጠሩን ከምስሩ ሳልለይ ጥርሴ ቢሰበር አንተ ትተክልልኛለህ?»

እሱ ይስቃል፣ እሳቸውም ይስቃሉ፣ ማታ ከዚያው ምስር በሳህን ይልኩልናል።

ችግሩ ጭሱ ነበር። ፎም ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ ብዙ አይታይም ግን ጉሮሮ ይይዛል፣ እናቴ ደግሞ አስም አለባት፣ ደምሴ ራሱም ሁለት ጊዜ «እህ፣ እህ» ብሎ ሦስተኛውን ጎትቶ የሚያስለው ሳል ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ከአሮጌ መኪና የወጣ ማራገቢያ ገዝቶ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ገጠመው፣ ከሣጥኑ ፊት ወንፊት የተመታበት መሳቢያ ሠራ፣ መሳቢያውን እንደ ሽምብራ በተሰባበረ ከሰል ሞላው፣ ከኋላ የቆርቆሮ ቱቦ ቀጥሎ በግድግዳው አስወጣው። ማራገቢያው ጭሱን ከጠረጴዛው ላይ ይስባል፣ ከሰሉ መርዙን ይይዛል፣ የቀረው አየር ወደ ውጭ ይሄዳል። ከሽቦው በፊት ማራገቢያው ይነሳል፣ ሽቦው ከጠፋ በኋላ ደግሞ መቶ እስኪቆጠር ድረስ መዞር አለበት፣ ይሄን ሕግ አንድ ቀን እንኳ አፍርሶ አያውቅም።

በየወሩ ከሰሉን ሲቀይር አሮጌውን ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል። አንዴ እናቴ ከሰል እየቆጠበች ስትጠቀም አይቼ፣ ለምን ለምድጃ አንጠቀምበትም ብዬ ጠየቅኩት።

«ከሰል የዋጠውን አይተፋም፣ እሳት ካላገኘው በቀር» አለኝ። «ምድጃ ውስጥ ከገባ የያዘውን ሁሉ ቤት ውስጥ ነው የሚለቀው። ለእማዬ ንገሪያት።»

እሺ አልኩት። አልነገርኳትም። ረሳሁት መሰለኝ፣ እኔ እንጃ፣ ለሰው መናገር የሚባል ነገር ሁልጊዜ ነገ ላይ ነው የማስቀምጠው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

እናቴ የጎጃም ሰው ናት። ናዝሬት ከመጣች ሃያ ዓመት ቢያልፋትም አነጋገሯን አልለወጠችም፣ እኛ «አሸነፈ» የምንለውን እሷ «አቸነፈ» ነው የምትለው፣ እኔም እቤት ውስጥ ስሰማ ያደግኩት እሱን ነው። ያን ዓመት ከቤት ይወጣ የነበረ ሰው ይሄን ሲያነብ ከወዲሁ ልቡ ይደነግጣል፣ ለማያውቅ ግን ልንገራችሁ፣ በዚያ ዓመት መንግሥት «እናሸንፋለን» ይል ነበር፣ የመንግሥት ጠላት የተባሉት ልጆች ደግሞ በየግድግዳው በ«ቸ» ነበር የሚጽፉት፣ እና ሰው በዚያች በአንዲት ፊደል ይለይ ነበር። እኔ ይሄን አላውቅም። ከቤት አልወጣ፣ ከሰው አላወራ፣ ከየት ልወቀው?

ቀበሌ ለአዳራሹ አንድ ቃል አዘዘ፣ እናሸንፋለን፣ በትልቁ። ደምሴ አውራ ጣቱ መግል ይዞ ትኩሳት ላይ ነበር፣ ሌላ ጊዜ ፊደሉን በእርሳስ የሚነድፈው እሱ ነው፣ ያን ቀን ግን ከአልጋው ሆኖ ቃሉን ነገረኝና ነድፌም ቆርጬም ቀይ ወረቀት የለጠፍኩበት እኔ ነኝ። ሰባት ፊደል ነው። ስድስቱ ልክ ነበሩ። ሊወስዱ የመጡት ሰዎች በአንሶላ እንደተጠቀለለ ተሸክመውት ሄዱ፣ ደምሴም ተነስቶ አላየውም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ገበያ ሄዳለች፣ ደምሴ ትንሽ ተሽሎት ማራገቢያውን እያስነሳ ነው፣ ሦስት ሰዎች ገቡ፣ አንደኛው ቀዩን ፊደል ብብቱ ውስጥ ይዞታል።

«ይሄን የቆረጠው ማነው?»

ደምሴ ፊደሉን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ እኔ ከመጋረጃው ጋር ተጣብቄ ቆሜያለሁ። ወዲያው እንደገባው ከፊቱ አወቅኩ፣ እኔ ግን ምኑ እንዳስቆጣቸው እንኳ አልገባኝም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጣቴ ታሞ ነበር፣ ተሳስቼ ነው።»

«መሳሳትህን እዚያ ታስረዳለህ። ለጥያቄ ነው፣ አሁን ትመለሳለህ።»

እኔ ነኝ የምትለዋ ቃል ሁለት ቃል ናት፣ እስከ ዛሬ ሌሊትም ቀንም እላታለሁ፣ ያን ጊዜ ግን አልወጣችም። ጫማውን እያጠለቀ ቀና ብሎ «አስቱ፣ ማራገቢያውን አጥፊው» አለኝ፣ ለኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

ለእናቴ ፊደል ተሳስቶ ነው ብዬ ብቻ ነገርኳት። የትኛው ፊደል ብላ አልጠየቀችም፣ እኔም የሷ ቃል እንደሆነ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ ልጆች ካርታ ሲጫወቱ «ማን አቸነፈ?» ብላ ትጠይቃለች፣ እኔ ያን ጊዜ ተነስቼ እወጣለሁ።

የማሽኑን ቫልቮላ፣ ያለሱ ኮረንቲ የማያልፍበትን፣ ነቅዬ ሰጠኋት፣ እሷም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ ልጄ ሲመጣ በእጁ ይመልሰዋል አለች። እሱ ግን በዚያው ታሰረ፣ ረቡዕና እሑድ እስር ቤት ስንቅ አደርሳለሁ፣ ዘበኛው ምግብ ያለበትን ተቀብሎ ያለፈውን ባዶ ሳህን ይመልስልኛል። ሳህኑ ባዶ ከሆነ በልቷል፣ ከበላ አለ። ባዶ ሳህን እንዲህ የሚያስደስት ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ሦስት ወር እንደዚህ ሄደ።

ነሐሴ ውስጥ ነው፣ እሑድ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም፣ ስንቁን አድርሼ ረጥቤ ስመለስ እናቴ በሩንና መስኮቱን ዘግታ ከሰል አቀጣጥላ ድንች ጥዳለች። ቤቱ ሞቅ ብሏል። በክረምት ከላንጋኖ በኩል የሚመጣው ከሰል መንገዱ በጭቃ ሲያዝ ይጠፋል፣ የተገኘውም እርጥብ ነው፣ ከየት አገኘች ብዬ እንኳ አላሰብኩም፣ ልብሴን ቀይሬ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከዳመናው የተነሣ ግን እንደ ምሽት ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የቀለጠ ፎም፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ከሱ ሥር ደምሴ ሥራ ላይ ሲውል ሸሚዙ የሚሸተው ሽታ፣ ላብና የራዲዮ አቧራ፣ እመኑኝ ያን ሽታ ከሺህ እለየዋለሁ። ቀና ስል የማራገቢያው መሳቢያ ተስቦ ወጥቷል፣ ባዶ ነው።

«እማዬ፣ ከሰሉን ከየት አመጣሽው?»

«ከዚያ ከሣጥኑ። ምን ላርግ ልጄ፣ እሱ ሲመጣ አዲስ እንሞላለታለን።»

ልነሳ ፈለግኩ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ራሴ ከበደኝ፣ ድካም ነው አልኩ። ከዚያ ማራገቢያው ጮኸ። ሲነሳ የሚያሰማት ጩኸት አለች፣ ጢው… ጢው… ብላ ነው ፍጥነት የምትይዘው፣ እሷ ናት። ንፋስ ነው አልኩ፣ በቱቦው ንፋስ ገብቶ ነው፣ ነገር ግን ንፋስ ቢያዞረው ወደ ቤት ነው የሚነፍሰው፣ እኔ በዓይኔ ያየሁት የምድጃው ጭስ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ሣጥኑ ሲሳብ ነው። ቫልቮላው እናቴ ነጠላ ላይ ነው፣ ቋጠሮው ይታየኛል።

እናቴም እያየች ነበር። አልጮኸችም። እጇን ወደ ሣጥኑ ዘረጋች፣ ሕፃን ና እንደሚሉት።

ከዚያ ከቱቦው ውስጥ ሳል መጣ። እህ፣ እህ። ሦስተኛው ተጎተተ።

«ደምሴ?» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ።

ማራገቢያው ይዞራል። ሳሉ ደገመ፣ አሁን ቀረብ ብሎ፣ ከዚያ በሩ ተመታ። በቡጢ አይደለም፣ በውስጥ እጅ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ የቆርቆሮው በር እስኪንቀጠቀጥ። በዚያ ዓመት በር ሲመታ ማንም ዘሎ አይከፍትም፣ ሰው ትንፋሹን ውጦ እስኪሄዱ ነው የሚጠብቀው።

«አትክፈቺ» አለችኝ እናቴ፣ ምላሷ ተሳስሮ። «አትክፈቺ፣ አንቺንም ይወስዱሻል።»

ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እየባሰ ሄደ፣ መምታት ብቻ ሳይሆን የሚለምን ይመስላል፣ እንዴት እንደማስረዳችሁ አላውቅም። መቆም አቅቶኝ በእጄና በጉልበቴ ሄድኩ፣ ምድጃውን ነክቼ እጄ ተቃጥሏል፣ ጠባሳው አሁንም አለ፣ መወርወሪያውን ስቤ በሩን ገፋሁት። ማንም የለም። ዝናብ ብቻ። ደጃፉ ላይ ጭቃ ነው፣ አንድ እንኳ የሰው ዱካ የለበትም። ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ ደፍ ላይ ተደፋሁ።

ስነቃ አዴ ጫልቱ አፍንጫዬ ላይ ሎሚ ይዘዋል፣ እናቴን ጎትተው ግቢ ውስጥ ዝናብ ላይ አስቀምጠዋታል፣ ታስመልሳለች።

«ዋቃዮ! ከሰል ነው የመታችሁ! ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አልቃችሁ ነበር እኮ» አሉኝ፣ ከዚያ በቤቱ ውስጥ አሻግረው እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደምሴ ተፈታ እንዴ?»

«ኧረ አልተፈታም።»

«ታዲያ ማሽኑን ማን አስነሳው? አምፖሌ ደከመብኝ። ልጮህበት ነው እኮ የመጣሁት፣ ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ።»

ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር የከሰል ጭስ ራስ ላይ ሲወጣ የሌለ ድምፅ ያሰማል አለን። ይሁን። እኔም ይሄን ብዙ ጊዜ ለራሴ ብዬዋለሁ። የአዴ ጫልቱ አምፖል ግን ጭስ አልሸተተውም።

ረቡዕ ስንቅ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው የእሑዱን ሳህን መለሰልኝ፣ ባዶ ነው፣ ጥርግ ተደርጎ ተበልቷል፣ ደስ ብሎኝ አዲሱን ላቀብለው እጄን ስዘረጋ አልተቀበለኝም። ዓይኔን ሳያይ «ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልገውም፣ አታምጡ» አለኝ። የዚህን ትርጉም በዚያ ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። ምግቡን እንደያዝኩ በባቡር ሐዲዱ ዳር ዳር ተመለስኩ፣ ሳህኑ እስከ ቤት ድረስ ሞቃት ነበር።

ማልቀስ አይፈቀድም፣ ድንኳን የለም፣ መርዶ የለም። እናቴ ድምፅ ሳታወጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ አለቀሰች፣ እና ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ራሷ ውስጥ ገባ፣ «ትንፋሹን እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» ትላለች። «ከሰሉ ውስጥ የቀረችውን ትንፋሹን ለድንች ብዬ አቃጠልኳት፣ ያን ቀን ሊነግረኝ ነው የመጣው።» አይደለም እማዬ እላታለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን አልሄድም፣ ምክንያቱም ከዚያ በላይ ከሄድኩ ፊደሏ ትመጣለች።

ይሄ ሁሉ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ከሳምንታት በፊት አንድ ሰው ባይመጣ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ጠና ያለ ሰው ነው፣ የሁሩታ ገበሬ፣ ጥርሱ ከፊት ሁለቱ የሉም፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጅ ላይ ቆመ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ፣ እንዴት ነሽ ልጄ። የደምሴ ቤት ነው? አስቱ አንቺ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ግባ ብለውም አልገባም አለኝ፣ ደፉ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ እንደ ልማዴ መጋረጃው ጋ ቆምኩ።

«ከወንድምሽ ጋር አንድ ክፍል ነበርን» አለ። «የተፈታሁት ገና አሁን ነው፣ አገሬ ሳልገባ ነው የመጣሁት። አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኝ ነው። ነሐሴ ላይ፣ እሑድ ነው፣ ዝናብ ነበር፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስንቁን ሳይበላ ግድግዳውን ተደግፎ ሸለብ አርጎት ነበር። ድንገት እያሳለ ብድግ አለ። ጭስ፣ ጭስ ይላል። እኛ ምንም አልሸተተንም፣ ምድጃም የለ፣ እሳትም የለ። ሂዶ የብረቱን በር በውስጥ እጁ ይመታው ጀመር። ‹በሩን ክፈቺ! አስቱ በሩን ክፈቺ!› ይላል። አበደ ብለን ያዝነው፣ አራት ሰው ሆነን አልቻልነውም። ዝም በል፣ ዘበኛ ይመጣል፣ ልጆች አሉን አልነው። እሱ ግን መምታቱን አልተወም።»

ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዞረው።

«መጡ። ለምን እንደሚረብሽ ጠየቁት፣ እቤቴ ሰዎቼ እየታፈኑ ነው አላቸው። ሳቁና ይዘውት ወጡ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። ስንቁ ሳይነካ ቀርቶ ነበር፣ ይቅር በይኝ፣ ረሃብ ነውና እኛ በላነው፣ ሳህኑን እኔ ነኝ የጠረግኩት።»

ልናገር ፈለግኩ። መጋረጃውን ይዤ ቀረሁ፣ ያው እንደ ድሮው። ሰውዬው ተነስቶ ባርኔጣውን አደረገ፣ ግቢውን አቋርጦ መንገድ ሊገባ ሲል ዘወር ብሎ፣ ሊጠይቀኝ የፈራ እየመሰለ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ለመሆኑ ያን ለት… በሩን ከፈትሽው?»